ውሃው ያለው ማዕዱ ጋ ነው

በልጅነቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳፋና ማንቆርቆሪያ ይዞ መዞር የእኔ ሥራ ነበር። ፎጣው ትከሻዬ ላይ ሆኖ ከታላቅ ጀምሬ ወደ ታናሽ እወርዳለሁ። ትልልቆቹ እጃቸውን እያራገፉ «እደግ፣ ተመንደግ» ይሉኛል። ምርቃቱ ስለሚጥመኝ ውሃውን ሳልቸኩል ነበር የማፈሰው። ሳሙና የሚወጣው ግን ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው። ከጓሮ፣ ከሽንት ቤት ለሚመለስ ሰው ደግሞ ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚጠብቅ ልጅ አልነበረም።

በየመድረኩ «ሕዝባችን እጅ የመታጠብ ልማድ የለውም» ሲባል እሰማለሁ። ከአንድ ትሪ የሚጎርስና የሚያጎርስ፣ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ የሚያደርግ ሰው በሞላበት አገር ይህ ትክክል አይደለም። ልማዱ አለ፤ ችግሩ የተተከለበት ቦታ ነው። ኮሌራን፣ ታይፎይድንና የአሜባ ተቅማጥን የሚያመጡት ተሕዋስያን ከዓይነ ምድር ተነሥተው በእጅ፣ በውሃና በዝንብ ወደ አፍ ይደርሳሉ። ስለዚህ እጅ በሳሙና መታጠብ ያለበት ከሽንት ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዱ በኋላና ምግብ መሥራት ከመጀመሩ በፊትም ነው። እንግዳው በክብር ሲታጠብ ሰላጣው ባልታጠበ እጅ ተከትፎ ቀርቦ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ብቻውን አቧራውን ይወስዳል፤ ጀርም የተጣበቀበትን የቆዳ ቅባት ግን በቀላሉ አያነሣም። የሳሙና ቅንጣት በአንድ ጫፉ ቅባት፣ በሌላው ውሃ ይይዝና ሁለቱን አያይዞ ያወርዳቸዋል። ለዚህም 20 ሰከንድ ያህል ማሸት ይበቃል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በሳሙና መታጠብን ማስለመድ ተቅማጥን በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ሲጀምር ንጽሕናን ከ16ቱ ፓኬጆች ዋነኛ አድርጎታል። 10ኛ ክፍል ጨርሰው ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አስተማሩ። ድካማቸው ፍሬ አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከሕዝቡ 92 በመቶው ሜዳ ላይ ይጸዳዳ ነበር፤ በ2015 ይህ ወደ 29 በመቶ ወርዷል። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ ሽንት ቤቱ ቆመ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚያካሂዱት ክትትል ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ ውሃና ሳሙና ያለው የእጅ መታጠቢያ የነበረው ቤተሰብ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም።

ለምን? መጀመሪያ ውሃውን እንቁጠር። ስድስት ሰው በቀን አምስት አምስት ጊዜ፣ በግማሽ ሊትር ቢታጠብ 15 ሊትር ነው። ይህም አንዲት ልጅ ከምንጭ ወይም ከቦኖ በጀርባዋ ካመጣችው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ሦስት አራተኛው ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ውሃ የሚቆጠበው በስንፍና አይደለም። ሳሙናም እንደዚሁ ከድሮ ጀምሮ በዋናነት የልብስ ነው፤ ከእርሱ በፊት የነበረው እንዶድም የጋቢና የነጠላ ነበር። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት እንኳ ሰዎች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ነው።

ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገር ውስጥ መግባቱ ሲረጋገጥ፣ በየባንኩና በየሱቁ ደጃፍ፣ በየታክሲ ተራው ቧንቧ የተገጠመለት ሮቶና በርሜል ቆመ። ወጣቶች ለተሳፋሪ ውሃ አፈሰሱ። ፍርሃቱ እንደገፋን አልክድም፤ ቢሆንም ሰው የታጠበው ውሃና ሳሙናው መንገዱ ላይ ስለጠበቀው ነው። ሮቶው ሲነሣ መታጠቡም አብሮ ቀረ። መማር ብቻውንም አይበቃም፤ ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1847 ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ አስከሬን መርምረው ወደ ወላዶች የሚገቡ ሐኪሞችን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያስገድድ፣ ከ18 በመቶ በላይ ደርሶ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ወደ 2 በመቶ ገደማ ወርዷል። እነዚያ ሐኪሞች የተማሩ ነበሩ፤ የታጠቡት ግን ሲገደዱ ነው።

እኔ የምለው፣ ከእንግዲህ የምናወጣው ገንዘብና ጉልበት ከፖስተር ይልቅ ሽንት ቤቱ በር ላይ ይዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በእንጨት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በገመድ የታሰረበት ሌላ እንጨት በእግር ሲረገጥ ዘንበል ይላል። ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ስለሚወርድ ብዙ አያባክንም፤ የታጠበውንም እጅ መልሶ የሚያቆሽሽ ነገር የለም። ውጭ የተቀመጠ ደረቅ ሳሙና ዝናብ ያሟሟዋል፣ ልጅም ይጫወትበታል። በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ በውሃ የተበጠበጠ ጥቂት ኦሞ፣ ክዳኑ ተበስቶ ከጀሪካኑ ጎን ቢንጠለጠል ግን ይሰነብታል። ባየኋቸው ቤቶች ጀሪካኑ ደርቆ የሚቀረው የሚሞላው ሰው ስላልተወሰነ ነው። ሳፋው የእኔ እንደነበረ ሁሉ ጀሪካኑም የአንድ ሰው ሥራ በሆነበት ቤት ውሃ አጥቶ አላየሁም።