የአንድ ተራራ ሁለት ፊት፦ የአየር ንብረት መረጃን መጋራትና የምርምር የሥራ ባህል በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ

እንጦጦ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት ተፋሰሶች ይከፈላል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የሚፈስሰው በሲቢሉና በሙገር በኩል ዓባይን ይቀላቀላል፤ ወደ ደቡብ የሚወርደው በአቃቂ ወንዞች አማካይነት አዋሽ ይገባል። በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብ የትንሹ አቃቂን የላይኛ ውሃ አቁሮ ለአዲስ አበባ መጠጥ ያቀርባል። ሰበታ ደግሞ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች። ከሱሉልታ እስከ ሰበታ በአየር መስመር ያለው ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይሁን እንጂ በመካከላቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ተራሮች ስላሉ፣ የአንዱን ከተማ የዝናብ መዝገብ ለሌላው መጠቀም አስተማማኝ አይደለም።

በሳተላይት የሚገኘው ግምት ይህን ክፍተት በከፊል ብቻ ይሞላል። የሜቴዎሳት ሳተላይቶች የሚያነቡት የደመናን አናት ሙቀት ነው፤ አናቱ እጅግ የቀዘቀዘ ደመና ዝናብ እንደሚያዘንብ ይታሰባል። ነፋስ ተራራ ሲወጣ የሚፈጠረው ዝቅተኛ ደመና ግን አናቱ ያን ያህል ሳይቀዘቅዝ ሊዘንብ ስለሚችል፣ በደጋማ አካባቢ የሳተላይቱ ግምት ከእውነተኛው መጠን ሊያንስ ይችላል። ማረሚያው መሬት ላይ ያለው የዝናብ መለኪያ ነው። ጥያቄው የሥራ ባህል ጥያቄ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው፤ የመለኪያው መዝገብ በማን እጅ ነው? ማንስ ሊያየው ይችላል?

ብዙዎቻችን የምናውቀው መንገድ የታወቀ ነው። ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፣ ይመላለሳል፣ በመጨረሻም መረጃውን በፍላሽ ተቀብሎ ይመለሳል። የጎደሉትን ቀናት በራሱ ዘዴ ይሞላል፣ አጠራጣሪ ቁጥሮችን ይሰርዛል፣ ከተመረቀ በኋላ ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ይጠፋል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ተማሪ ያንኑ ጣቢያ ከመጀመሪያው ያጸዳል። ሁለቱ የተለያየ ውጤት ቢያገኙ ልዩነቱ ከአየር ንብረቱ ይሁን ከአሞላሉ የሚለይ ሰው የለም። ይህ የማንም ክፋት አይደለም፤ ለጸዳ መዝገብ ነጥብ የማይሰጥ፣ የታተመ ጽሑፍን ብቻ የሚቆጥር አሠራር የወለደው ነው።

የተሻለ አካሄድ በአገራችን ተሞክሯል። የቀድሞው ብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ኢናክትስ በተባለው ሥራ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረትና ማኅበረሰብ ምርምር ተቋም ጋር ተባብሮ የጣቢያ መዝገቦችን ከሳተላይት ግምት ጋር አዋሕዷል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ የዚህ ሥራ ግንባር ቀደም መሪ ናቸው። የእንግሊዙ ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ታምሳት ቡድንም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ዝናብ ግምት አበርክቷል። በውሕደቱ የተገኘው መረጃ በካርታና በግራፍ ለሕዝብ ሲቀርብ፣ የየጣቢያው ጥሬ መዝገብ በባለቤቱ ተቋም እጅ ቀረ። ይህ ግማሽ መንገድ ነው፤ በእኔ አመለካከት ግን ብልህ ግማሽ መንገድ ነበር። ተቋሙ ባለቤትነቱን ሳያጣ መረጃው ከመሳቢያ ወጥቷል። ለማዋሐጃና ለጥራት ቁጥጥር የሚያገለግለው ሲዲቲ የተባለው ሶፍትዌርም በነጻ የሚገኝ በመሆኑ፣ ዘዴውን ራሱን መመርመርና መድገም ይቻላል።

በአፈር ምርምር የተደረገው ደግሞ ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመሠረተው የፈቃደኞች ጥምረት በየተመራማሪው እጅ ተበትኖ የቆየውን የአፈርና የሰብል መረጃ ማሰባሰብ ጀመረ። ከ14,000 በላይ የአፈር መገለጫዎች ተሰብስበው አዲስ የኢትዮጵያ የአፈር ዓይነቶች ካርታ ተሠርቶባቸዋል። በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም መረጃ በተቻለ መጠን ክፍት፣ በሚያስፈልግ መጠን ብቻ ዝግ እንዲሆን ይሻል። እኔን የሚገርመኝ ግን የቅደም ተከተሉ ነገር ነው፤ የአፈሩ ሰዎች ፖሊሲውን አልጠበቁም፣ ማስገደድ የሚችል አካልም አልነበራቸውም።

መጋራት ከልግስና በላይ መሆኑን አንድ ትንሽ ምሳሌ ያሳያል። የጣቢያ ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የተመዘገበው መጠን በአብዛኛው የትናንት ከሰዓት በኋላና የሌሊት ዝናብ ነው። ይህን ያላወቀ ተማሪ መዝገቡን ከሳተላይት ዕለታዊ ግምት ጋር ሲያነጻጽር ቀኑ በአንድ ይዛነፍበታል፤ ዝምድናው ይደክማል፣ ጥፋቱም በሳተላይቱ ይመካኛል። በብዙዎች ዘንድ የሚሠራበት ቺርፕስ ደግሞ መሠረቱ የአምስት ቀን ድምር ሲሆን ዕለታዊው ቁጥር ከዚያ የተከፋፈለ ስለሆነ፣ የዕለት ንጽጽሩ ቀድሞውኑ ብዙ ሊጠበቅበት አይገባም። እንዲህ ያለ እውቀት በተመራቂ ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም አይጻፍም፤ በአማካሪና በተማሪ መካከል በቃል ይተላለፋል፣ ወይም አይተላለፍም።

በሦስቱ ከተሞች ነገሩ አስቸኳይ የሚሆንበት የራሱ ምክንያት አለ። ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የሚገኙት እነዚህ አካባቢዎች በፍጥነት እየተገነቡ ነው። ትናንት በሣር ሜዳ ላይ የቆመ ቴርሞሜትር ዛሬ በቆርቆሮና በኮንክሪት ሊከበብ፣ የዝናብ መለኪያውም በግንብ ሊጋረድ ይችላል። መዝገቡ ላይ የሚታየው የሙቀት ጭማሪ ከዓለም አቀፉ ለውጥ ምን ያህል፣ ከግንባታው ምን ያህል እንደመጣ ለመለየት ጣቢያው መቼ እንደተዛወረ፣ ዙሪያው መቼ እንደተገነባ የሚገልጽ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ያን ማስታወሻ መጻፍ የሚችሉት በየዕለቱ መለኪያውን የሚያነቡት ሠራተኞች ናቸው። የትምህርት ክፍሎቻችን የጸዳውን መዝገብ፣ የአሞላሉን ኮድና ይህን ማስታወሻ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር አብሮ እንዲገባ ቢጠይቁ፣ ለሥራውም እንደ አንድ ጽሑፍ ነጥብ ቢሰጡ፣ ወጪው አነስተኛ ነው። የጣቢያ ሠራተኛው ስም በምስጋና ገጽ ላይ ይቅር ወይስ በአዘጋጆች ዝርዝር ውስጥ ይግባ የሚለው ግን እስካሁን በየክፍሉ በግልጽ ያልተነጋገርንበት ጉዳይ ነው።