ደሞዝ የሌለበት የጌም ቡድን እንዴት ይዘልቃል?

«ጌም መስራት እንፈልጋለን፣ ገንዘብ ግን የለንም፤ በጎ ፈቃደኞች ሰብስበን ብንጀምርስ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ ሁሉ አንድ ላይ ልመልስ። ይቻላል። እኔም ያለሁት እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ግን ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ እወቁ።

ጎበዝ ፕሮግራመርም፣ ሰዓሊም፣ ሙዚቀኛም ይገኛል። የሚቸግረው ቀጣይነቱ ነው። በጎ ፈቃደኛ የሚሰራው ከስራና ከትምህርት በተረፈው ሰዓት ነው። ፈተና ይደርስበታል፣ ስራ ይቀይራል፣ ልጅ ይወልዳል። ደሞዝ ስላልከፈላችሁት «ለምን ቀረህ?» ልትሉት አትችሉም። ስለዚህ ሰው እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ቆጥራችሁ፣ ሲሄድ ስራው እንዳይቆም አድርጋችሁ ተደራጁ።

«ዜሮ ኤዲ» የሚባለውን የጥንት ዘመን የስትራቴጂ ጌም ተመልከቱ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ2001 ሲታሰብ የ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ሞድ ሊሆን ነበር፤ በኋላ ራሱን የቻለ ጌም ሆነ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነው በ2009፣ የመጀመሪያው አልፋ የወጣው በ2010 ነው። በ2013 ከደጋፊዎች 160 ሺህ ዶላር ለማሰባሰብ ተነስተው ያገኙት 33 ሺህ ገደማ ነበር። ስራው ግን ቀጠለ፤ በ2018 የጎረቤታችን የኩሽ መንግሥት ከነፒራሚዶቹ ጌሙ ውስጥ ገባ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ አንዱ ሲደክም ሌላው ከቆመበት ማንሳት ይችላል።

ስራውን ቆራርጣችሁ ስጡ። «የመንደሩን ቤቶች ስራልን» የተባለ ሰው ከየት እንደሚጀምር ስለማያውቅ ሳምንታት አልፈው ዝም ይላል። በእኛ የስራ ዝርዝር ላይ አንዱ መስመር እንዲህ ይላል፦ «አንድ ጎጆ ቤት፤ ክዳኑ ሳር፤ ቴክስቸሩ 1024 በ1024፤ በሩ ለብቻው የሚከፈት፤ ሲያልቅ ዋናው የብሌንደር ፋይል አብሮ ይግባ»። ይህን ሰው በትርፍ ሰዓቱ ይጨርሰዋል፤ ስራው ጌሙ ውስጥ ገብቶ ሲያየው ደግሞ ሌላ ለመውሰድ ይነሳሳል። የመጨረሻዋን ሐረግ በተለይ አትርሱ። ሰሪው ከሄደ በኋላ በሩን ሰፋ ማድረግ ብትፈልጉ፣ ዋናው ፋይል ከሌላችሁ ቤቱን እንደ አዲስ መስራት ሊኖርባችሁ ይችላል።

ፕሮግራም የማያውቁትንም አስቡ። በ2003 የተጀመረው «ባትል ፎር ዌስኖዝ» ታሪኮቹና ካርታዎቹ የሚጻፉት በቀላል የጽሑፍ ፋይል ነው። በዚህ ምክንያት የጌሙን ሞተር ሳይነኩ የራሳቸውን ዘመቻ የሰሩለት ተጫዋቾች ብዙ ናቸው።

ሰው ሁሉ ለማንሳት የሚያፍረው የመብት ጉዳይ ነው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የስራው መብት መነሻው የአመንጪው ነው። ለተቀጣሪ የተለየ ድንጋጌ አለ፤ በጎ ፈቃደኛ ግን ተቀጣሪ አይደለም። ሙዚቃውን የሰራላችሁ ልጅ ነገ ቅር ብሎት «ሙዚቃዬን አውጡልኝ» ቢል ምን ታደርጋላችሁ? ፍቅር ሳለ፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ አንድ ገጽ ተፈራረሙ፦ ስራው በምን ፈቃድ እንደተሰጠ፣ የሰሪው ስም የት እንደሚጻፍ፣ ጌሙ ቢሸጥ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል። ዜሮ ኤዲ ኮዱን በጂፒኤል፣ ስዕልና ድምፁን በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አስቀምጧል፤ እናንተም ከእነዚህ መጀመር ትችላላችሁ።

ዳታም አይረሳ። በሞባይል ፓኬጅ ብዙ ጊጋባይት አውርድ የተባለ አዲስ ሰው ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ከባዱን ፋይል ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ኮድ የሚጽፈው ኮዱንና ጥቂት መሞከሪያ ምስሎችን ብቻ ያውርድ።

ቡድናችሁ መዝለቁን ማወቅ ከፈለጋችሁ ይህን ሞክሩ። ጌሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ላፕቶፕ ላይ፣ የጻፋችሁትን መመሪያ ብቻ ሰጥታችሁ፣ በአንድ ምሽት እንዲያስነሳው ጠይቁት። የት ላይ እንደተያዘ መዝግቡ፣ መመሪያውን እዚያው አስተካክሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ሰው ፈልጉ የምላችሁ።