ዝርዝሩን የሚጽፈው እጅ

አንበሳሜ ላይ ስብሰባ ሲጠራ ሴቶች አይቀሩም። ነጠላቸውን ተከናንበው ይመጣሉ፤ ልጅ ያዘለችው ቢያለቅስባት ለመውጣት እንዲመቻት በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ወንዶቹ ከፊት ባሉት አግዳሚዎች ላይ ይደረደራሉ። አጀንዳው ይነበባል፤ ማዳበሪያው፣ መንገዱ፣ ጸጥታው አንድ በአንድ ይነሣል። ሰዓቱ ይሄዳል። ዋናው ነገር፣ ማን ኮሚቴ ይግባ፣ ማን ወደ ወረዳ ይላክ የሚለው፣ የሚመጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። ያ ሰዓት ደግሞ ላም የምትታለብበት፣ ምጣድ የሚጣድበት ሰዓት ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ሹልክ ይላሉ። በመጨረሻ አንዱ እጁን ያወጣና «ሴት አነሰ፤ ከሴቶችም አንድ ይግባ» ይላል። ከቀሩት ሁለት ሦስት ሴቶች የአንዷ ስም ይጻፋል።

ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ሴቶች በፓርቲዎቻችን አመራር ውስጥ ለምን ጥቂት ሆኑ ተብሎ በአዲስ አበባ አዳራሾች ሲጠየቅ መልሱ እዚህ አንበሳሜ፣ ከሐሙሲት ወደ እስቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው የደቡብ ጎንደር ደራ ወረዳ ከተማ፣ በምሽት ስብሰባ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሴቷ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታለች። ዝርዝሩን የሚጽፈው እጅ ግን የእሷ አይደለም።

በልጅ፣ በባል፣ በድርጅት

ይህ አገር ለሴት መታዘዝን የማያውቅ አይደለም። ራስ ዓሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ሲገዙ እናታቸው እቴጌ መነን ሊበን አመዴ በጎንደርና በደምቢያ በኩል ያዝዙ ነበር። በ1839 ዓ.ም. የቋራውን ካሣን፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የሆኑትን፣ ለመውጋት ራሳቸው ዘምተው ቆስለው ተማረኩ። ዘራቸው ከሰሜንና ከበጌምድር የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱ ብጡል በውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ላይ የያዙት አቋምና ወደ ዐድዋ የዘመቱት ዘመቻ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ባላቸው ዳግማዊ ምኒልክ ታመው ሲተኙ ሹመቱንም ሽረቱንም ጨበጡ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው።

ሁለቱም ብልህና ደፋር ነበሩ። ሁለቱም ግን ሥልጣናቸው የቆመው በሌላ ሰው ላይ ነበር፤ የአንደኛዋ በልጃቸው፣ የሁለተኛዋ በባላቸው። ምሰሶው ሲናጋ ቤቱም ተናጋ። የዘመናችንን ታሪክ ሳየው በልጅና በባል ቦታ ድርጅት የገባ ይመስለኛል። ዛሬም አንዲት ሴት ስትሾም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «በማን በኩል ነው የገባችው?» ብሎ ነው። ወንዱ ሲሾም ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ወንበሩ በዛ፣ ሥልጣኑስ?

በ1950 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የሕዝብ እንደራሴዎች ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከአዲስ አበባ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ፤ የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኑ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረምና የተወዳደሩት በራሳቸው ስም ነበር። ፓርቲ ሲመጣ ነገሩ ይቀላል ተብሎ ቢታሰብም እንደዚያ አልሆነም። ደርግ በ1972 ዓ.ም. ሴቶችን በአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር (አኢሴማ) አደራጀ፤ በ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ሲመሠረት ግን ፖሊት ቢሮው ውስጥ አንድም ሴት አልገባችም። ማኅበሩ ለሴቶች፣ ውሳኔው ለወንዶች ተከፈለ። ይህ ክፍፍል ሥርዓት ሲለወጥ አብሮ አልተለወጠም።

ደርግን የተካው ኢሕአዴግ ለ1997ቱ ምርጫ ከዕጩዎቹ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ወሰነ። ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነበር። በ1992ቱ ምርጫ 42 ብቻ የነበሩት የተወካዮች ምክር ቤት ሴቶች በ2007ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ 212ቱን ያዙ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማንም ሊያጣጥለው አይገባም። ከእነዚያ 212 ሴቶች መካከል ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከጋሞ የገጠር ቀበሌ ተነሥተው የመጡ አሉ፤ የሕግ ረቂቅ ያነበቡ፣ ሚኒስትር የጠየቁ አሉ።

ግን በዚያ ምርጫ መቀመጫውን ሁሉ የያዙት ኢሕአዴግና አጋሮቹ ነበሩ። 212ቱም የገቡት አንድ ግንባርና አጋሮቹ ባወጡት ዝርዝር ነው ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸውን መድልዎ ለማካካስ ልዩ የድጋፍ እርምጃ እንደሚገባቸው ይናገራል፤ ቁጥሩን የወሰነው ግን የፓርቲ ስብሰባ ነው። ስብሰባ የሰጠውን ስብሰባ ሊነሣው ይችላል።

ዝርዝሩ የሚጻፍበት ክፍል

ዝርዝሩ ወደሚጻፍበት ክፍል ስንገባ ሥዕሉ ይቀየራል። ከኢሕዴን እስከ ብአዴንና አዴፓ ድረስ ስሙን እየለዋወጠ የአማራ ክልልን የመራውን ድርጅት በሊቀመንበርነት የመሩት ሁሉም ወንዶች ናቸው። የአማራ ክልል ርእሰ መስተዳድርነትም እስካሁን በሴት አልተያዘም። አፈ ጉባኤነቱን ወይዘሮ ወርቅሰሙ ማሞ፣ ከእርሳቸው በኋላም ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬ ይዘውታል። ይህ ክብር ነው፤ ግን በጀቱና ምደባው ያለው በአስፈጻሚው እጅ ነው። ብልጽግና ፓርቲ ከተመሠረተ ወዲህም ፕሬዚዳንቱና ምክትሎቹ ወንዶች ናቸው። ተቃዋሚውም ከዚህ አይሻልም፤ ኢዜማ ሲመሠረት መሪና ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡት ወንዶች ነበሩ፤ በ2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የተመሠረተው አብንም እንዲሁ።

ከገዢው ግንባር በኩል ልዩ የሆነው የወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል ታሪክ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የተወካዮች ምክር ቤት ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ፤ በዚያው ዓመት የኢሕአዴግን የደቡብ አባል ድርጅት ደኢሕዴንን በሊቀመንበርነት ለመምራት ተመረጡ። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሲሆኑ እርሳቸው የሰላም ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። በ2012 ዓ.ም. ግን ደኢሕዴን ራሱ ወደ ብልጽግና ገብቶ ከሰመ። ሴት የተቀመጠችበት የሊቀመንበርነት ወንበር ከድርጅቱ ጋር አብሮ ጠፋ።

ከተቃዋሚው በኩል ደግሞ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ አሉ። ዳኛ ነበሩ፤ የቅንጅት ምክትል መሪ ሆነው ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ታሰሩ። በይቅርታ ከወጡ በኋላ በ2000 ዓ.ም. አንድነት ፓርቲን በሊቀመንበርነት መሩ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ትንሽ ልጃቸውንና እናታቸውን ትተው እንደገና ወኅኒ ወረዱ፤ የተፈቱት በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። በ2011 ዓ.ም. ከስደት ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። «በማን በኩል ገባች?» ለሚለው ጥያቄ የእርሳቸው ሕይወት በቂ መልስ ይመስለኛል፤ የገቡት በራሳቸው በኩል ነው። የከፈሉት ዋጋ ግን ሌሎች ሴቶች እንዲከተሏቸው የሚጋብዝ አልነበረም። ከእርሳቸው ወዲህ ዶክተር ራሄል ባፌ የኢትዮጵያ ሶሻል ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን (ኢሶዴፓን) መርተዋል፤ የፖለቲካ ፓርቲዎች የጋራ ምክር ቤትንም በሰብሳቢነት መርተዋል። እንዲህ ያሉ ስሞችን ግን ገና በጣት እንቆጥራለን።

የደብተሩ ትምህርት

«ባህላችን ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለውን መልስ ደቡብ ጎንደር ላይ ሆኜ ልቀበለው አልችልም። ምክንያቱ በየገበሬው ሣጥን ውስጥ ያለው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። አማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞታን እየመዘገበ ደብተር ሲሰጥ ባልና ሚስት በጋራ እንዲመዘገቡ፣ የሁለቱም ፎቶ ጎን ለጎን እንዲለጠፍ አደረገ። ደብተሩን ገልጣችሁ እዩት። ሁለት ፊቶች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ኮስተር ያሉ፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ያወረደች ሚስትና ጋቢውን የደረበ ባል። «መሬት የወንድ ነው» የሚለው አባባል ከዚያ ፎቶ በፊት የተፈጥሮ ሕግ ይመስል ነበር። አሁን ባል መሬቱን ሊያከራይ ቢፈልግ «ሚስትህስ?» ይባላል። አባባሉን ያሸነፈው ስብከት አይደለም፤ የመዝገቡ አሠራር ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ሩዋንዳ በ1995 ዓ.ም. ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት በውሳኔ ሰጪ አካላት ቢያንስ 30 በመቶው የሴቶች እንዲሆን ደነገገች፤ ከታችኛው ምክር ቤት 80 መቀመጫዎች 24ቱን የሚመርጡት ከመንደር ጀምሮ ከተዘረጉት የሴቶች ምክር ቤቶችና ከአካባቢ ምክር ቤቶች የሚመጡ መራጮች ናቸው። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሆነው መቀመጫ የሴቶች ነው። ሕንድ በአውሮፓውያኑ 1993 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከመንደር ምክር ቤቶች አባልነት ብቻ ሳይሆን ከሰብሳቢነቱም ቢያንስ ሲሶውን ለሴቶች አስያዘች። ልብ በሉ፤ ሰብሳቢነቱንም ጭምር። በእኛ አገር በቃል የሚቀረው ይህ ነው።

ምን ይደረግ?

የእኛ ቀበሌና ወረዳ ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በ2005 ዓ.ም. ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተላልፎ እንደተላለፈ ቀርቷል። ሴት ፖለቲካን የምትማርበት የመጀመሪያው ደረጃ ተዘግቷል ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ነው፤ ጠመንጃ በሚናገርበት ቦታ ከማንም በፊት ድምፅዋ የሚጠፋው ሴቷ ናት። ሰላም ሲመጣ አካባቢን መልሶ ለማቋቋም በሚቀመጠው ሸንጎ ላይ ማን ይቀመጣል የሚለው ዛሬ ካልታሰበበት ነገም «ከሴቶች አንድ ይግባ» ይባላል።

ስለዚህ የምለው ሦስት ነው። የሴቶች ድርሻ በፓርቲ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ ይወሰን፤ ለዕጩነት ብቻ ሳይሆን ለሥራ አስፈጻሚውና ለሊቀመንበርነቱም ይሁን። ፓርቲዎች ሴቶችን ከሴቶች ሊግና ከሴቶች ጉዳይ አውጥተው የፖለቲካውንና የአደረጃጀቱን ዘርፍ ይስጧቸው፤ ሰው የሚመደበው እዚያ ነውና። የአካባቢ ምርጫም ሰላም በፈቀደ ጊዜ ሳይዘገይ ይደረግ።

ከዚያ በፊት ግን ማንም ሕግ ሳያወጣለት ነገ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። አባቶቻችን «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ብለዋል፤ «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ያሉትም እነሱው ናቸው። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የስብሰባው ሰዓት ነው። አንበሳሜ ላይ ምርጫው ከአጀንዳው መጨረሻ ወደ መጀመሪያው ይምጣ። ላሟ ሳትታለብ፣ ምጣዱ ሳይጣድ፣ በሩ አጠገብ ያለችው እናት ገና ሳትነሣ ስሞቹ ይጠሩ። ቃለ ጉባኤውንም የምትይዘው እሷ ትሁን።