የድሬ ጆሮ ምን ዓይነት ማዳመጫ ይፈልጋል?

ድሬ ዳዋ ውስጥ ታይዋን የተባለው ገበያ ጎራ ብሎ ሄድፎን የጠየቀ ሰው ከሻጩ አፍ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ቤዝ» ነው። ቤዙ ደረት ይመታል፣ ቤዙ አይጣል ነው፣ ስማውና ራስህ ፍረድ ይባላል። ከመስታወቱ ጀርባ የታዋቂ ኩባንያዎችን ስም የለበሱ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ የትኛው ኦሪጅናል፣ የትኛው ኮፒ እንደሆነ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ገመድ አልባው ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ «ኤርፖድ» ተብሎ ይጠራል። ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ተነስቶ ከደረሰባት ጊዜ አንስቶ የባሕር ማዶ ዕቃ ማለፊያ ሆና በኖረችው ድሬ ዳዋ ዕቃ አልጠፋም። የጠፋው ለዚህ ሙቀት፣ ለዚህ አለባበስና ለዚህ ዘፈን ታስቦ የተሠራ ማዳመጫ ነው።

የድምፅ ጥራት የሚያንገበግባቸው ሰዎች በየአገሩ አሉ። አዲስ ሄድፎን ወጣ በተባለ ቁጥር የሚጠይቁት ነገር ለዓመታት ብዙም አልተለወጠም። የዘፋኙ ድምፅ ሳይወፍርና ሳይሳሳ ይምጣ፤ ክብደቱ አንገት አያድክም፤ ገመዱ ይነቀል፤ የጆሮ ትራሱ ሲያረጅ ለብቻው ይገዛ፤ የተሰበረው ክፍል ይለወጥ። ለዚህ ሁሉ በምሳሌነት የሚጠሩት በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጀርመኑን ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ነው። 260 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ በእጅ ይፈታታል፣ መለዋወጫው ይሸጣል፣ ዛሬም ይመረታል። ስልክ በየዓመቱ በሚቀየርበት ዘመን አንድ ማዳመጫ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ገበያ ላይ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው።

የሚገርመኝ ይህ የባለጸጋ አገር አድማጮች የምኞት ዝርዝር ከየትም ይልቅ ለድሬ ዳዋ መስማማቱ ነው። እነሱ ለምቾት የሚጠይቁት እዚህ የግድ ነው።

ሙቀቱን አስቀድሜ ላንሳ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል። ከዚራ ሰፈር ጥላው ሥር የተቀመጠ ሰው እንኳ ግንባሩን ያብሳል። በዚህ ሰዓት ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ ሄድፎን ማድረግ ጆሮን በላብ መዘፍዘፍ ነው። ቆዳ መሰሉ ሽፋን ደግሞ ላብና ሙቀት ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፤ ከጊዜ በኋላ ጥቁር ልጣጩ በጆሮና በአንገት ላይ መርገፍ ይጀምራል። ብዙ ሰው ውስጡ ገና በደንብ የሚሠራውን ማዳመጫ የሚጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ከፋይ ወይም የጥጥ ጨርቅ የለበሰ ትራስ ይተነፍሳል፣ ይታጠባል። ሆኖም ጨርቅ አየር ስለሚያሳልፍ የወፍራሙን ድምፅ ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጨርቁን ኋላ ከመለጠፍ ይልቅ ማዳመጫውን ከመጀመሪያው በጨርቅ ትራስ አስልቶ መሥራት ያስፈልጋል። ትራሱን አውልቆ አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ መልሶ ማጥለቅ ከተቻለ ለድሬ ሰው ከየትኛውም አዲስ ቴክኖሎጂ ይበልጣል።

ክብደትም ከሙቀት ጋር ይያያዛል። የአፕል ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ገደማ ነው፤ ከኤችዲ 600 በመቶ ግራም በላይ ይበልጣል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ቢሮ ውስጥ ይህ ልዩነት ላይታወቅ ይችላል። በላብ የራሰ ፀጉር ላይ ግን ከባዱ ማዳመጫ ይንሸራተታል፤ እንዳይንሸራተት ጠበቅ ሲደረግ ደግሞ ጆሮ ግንድ ላይ ያማል።

ዲዛይነሮች ጨርሶ ያላሰቡበት የሚመስለኝ ግን የራስ ልብሱ ነው። በመጋላም ሆነ በሳቢያን ሰፈር ሂጃብ ያደረገች፣ ሻሽ ያሰረች፣ ሹሩባ የተሠራች አድማጭ ብዙ ናት። የማዳመጫው ትራስ ቆዳ ላይ ሳይሆን ጨርቅ ላይ ሲያርፍ በመካከሉ አየር ያመልጣል፤ አየር ሲያመልጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ወፍራሙ ድምፅ ነው። አድማጯ ድምፁ የሳሳው ዕቃው መናኛ ስለሆነ ይመስላትና ቮሊዩሙን ትጨምራለች፤ ጉዳቱ ለጆሮዋ ይተርፋል። ሹሩባ ሲሆን ደግሞ ቅስቱ የሚያርፍበት ቦታ ወጣ ገባ ስለሚሆን ጠቅላላ ጫናው አንድ ነጥብ ላይ ይወርዳል። ፋብሪካዎች ማዳመጫን የሚፈትኑት የሰው ጆሮ ቅርጽ ባለው መለኪያ ጭንቅላት ላይ ነው። ያ ጭንቅላት ራሰ በራ ነው። እስቲ ሻሽ አስረውለት ይለኩት! ይህን የሚያደርግ ኩባንያ ከድሬ ዳዋ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕሩን ተሻግሮ እስከ ኤደን ድረስ ደንበኛ ያገኛል።

ወደ ዋናው፣ ወደ ድምፁ እንምጣ። ይህች ከተማ የአሊ ቢራ ከተማ ናት። በ1947 እ.ኤ.አ. እዚሁ ተወልዶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገና በታዳጊነቱ አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ተቀላቅሎ፣ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ዕረፍቱ ድረስ የአፋን ኦሮሞን ዘፈን ለትውልድ ያስተማረ ድምፃዊ ነው። ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ 28ኛ ቅጹን ለእሱ ሥራዎች ሰጥቷል። የእሱን ሙዚቃ የሚሸከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ድምፁና ዑዱ። ሁለቱም የሚኖሩት መሃለኛው የድምፅ ክልል ውስጥ ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ85 እስከ 180 ኸርዝ አካባቢ ቢሆንም፣ ቃሉን ቃል የሚያደርገው፣ ተነባቢውን ከተነባቢ የሚለየው ኃይል ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። የጆሯችን ቦይም በተፈጥሮው ከሁሉ አብልጦ የሚያጎላው 3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ነው።

እንግዲህ «ቤዙ አይጣል» የተባለው ማዳመጫ እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ወፍራም ድምፅ ሲበዛ ከእሱ ከፍ ያሉትን ድምፆች ይሸፍናል፤ ይህ የጆሮ ተፈጥሮ እንጂ የጣዕም ጉዳይ አይደለም። ቤዙ ሲያጉረመርም የዑዱ መግረፊያ ክሩን ሲነካ የምትሰማዋ ትንሽ ጠቅታ ትጠፋለች፤ የድምፃዊው ትንፋሽ ይጠፋል። በቋንቋዎቻችን ደግሞ ሌላ ጉዳት ይጨመራል። በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ እንደ «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ያሉ እየፈነዱ የሚወጡ ድምፆች አሉ፤ «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለያት በቅጽበት ብልጭ ብላ የምትጠፋ ፍንዳታ ናት። ዝግ ያለና የደበዘዘ ማዳመጫ ይህችን ፍንዳታ ያለዝባታል። ዘፈኑ ይሰማል፣ ግጥሙ ግን አይያዝም። የቆዩ ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጡ ኖረው ነው ዛሬ በዩቲዩብና በቴሌግራም የሚደርሱን፤ በየግልባጩ ቀጭኑ ድምፅ እየሳሳ፣ ሹሹታው እየጨመረ መጥቷል። ከዚህ የተረፈውን ጥቂት ብርሃን በቤዝ መቅበር ያሳዝነኛል። በሌላ በኩል ቀጭኑን ከልክ በላይ የሚያጎላ ማዳመጫም አይበጅም፤ ሹሹታውን ወደ ፊት አምጥቶ ጆሮ ይወጋል። የሚፈለገው መሃሉን ጠብቆ ሁለቱን ጫፎች በልክ የሚሰጥ ነው።

«ልክ»ን ማን ወሰነ የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ሾን ኦሊቭና ቶድ ዌልቲ የተባሉ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች ከ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ሰዎች ምን ዓይነት የማዳመጫ ድምፅ እንደሚወዱ ሞክረው፣ ዛሬ ብዙ አምራቾች የሚከተሉትን የድምፅ ሚዛን አወጡ። በ2014 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት አንድ ጥናት የካናዳ፣ የአሜሪካ፣ የጀርመንና የቻይና አድማጮችን አወዳድረው ምርጫቸው ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። ሥራው የሚከበር ነው። ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር የለም፤ ዑድና ክራር ሲሰማ ያደገ ጆሮ አልተጠየቀም። ምናልባት የእኛም ምርጫ ከእነሱ ጋር አንድ ይሆናል። ቢሆንም መጠየቅ ይገባናል።

ከጥናቶቹ ሁሉ ለገዢ የሚጠቅመው ደግሞ የሚከተለው ነው። የሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 እ.ኤ.አ. 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ በዋጋቸውና በድምፅ ሚዛናቸው መካከል ምንም ዝምድና አላገኘም። ውድ ስለሆነ ጥሩ ድምፅ አለው ብሎ የሚከራከር ሻጭ ቢገጥማችሁ ይህን አስታውሱ።

ከቤት ውጭ ያለው ነገር ሌላ ነው። የባጃጁ ሞተር፣ የጡሩምባው ጩኸት፣ የቀፊራ ገበያ ግርግር አንድ ላይ ሆኖ አድማጩን ቮሊዩም ያስጨምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት 40 ሰዓት ለማዳመጥ የሚመክረው ጣሪያ 80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ካደገ የሚፈቀደው ጊዜ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ መንገድ ላይ ጩኸትን በደንብ የሚከለክል፣ በጆሮ ቦይ የሚገባ ትንሽ ማዳመጫ ሙቀቱንም ይቀንሳል፣ ሻሹም አያስቸግረውም፣ ቮሊዩሙንም ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። መኪና መንገድ ሲሻገሩ ግን አንዱን ማውጣት ነው። ለቤት ደግሞ፣ ከቀትር በኋላ ሱቆች ዘጋ ዘጋ ሲሉና ከተማዋ ጋደም ስትል፣ ጀርባው ክፍት የሆነው ዓይነት ይመረጣል፤ አየር ያስገባል፣ ድምፁም በሰፊ ክፍል ውስጥ እንደሚሰማ ዘና ያለ ነው።

አሁን የጠጋኙን ጠረጴዛ ቀረብ ብለን እንይ። የኢርፎን ሞት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጃኩ አንገት ነው። ገመዱ ኪስ ውስጥ እየታጠፈ እየተቃና እዚያችው ቦታ ላይ ይበጠሳል፤ አንዱ ጆሮ ዝም ይላል፣ ሲነካኩት ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ጠጋኙ ጃኩን ቆርጦ ይጥልና የገመዱን ልባስ ይልጣል። ከውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ክሮች ይወጣሉ፤ ቀዩ ለቀኝ ጆሮ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ለግራ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ለሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው። ቀለሙ ግን ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክሮቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ የተቀቡት መከላከያ ነው። እሱ ሳይነሳ ሊድ አይዝም። ስለዚህ የክሩን ጫፍ በጋለው መበየጃ ይዞ ቀለሙ እስኪቃጠል ይጠብቃል፣ ጢስ ብን ይላል፣ ከዚያ ሊዱ ሲያበራ ይይዛል። የቸኮለ እጅ ይህን ደረጃ ዘሎ ስለሚበይድ በሳምንቱ ተመልሶ ይበጠሳል።

ይህ ሁሉ ጥበብና ትዕግሥት የሚባክነው አምራቹ ገመዱን ከማዳመጫው ጋር አንድ ላይ ስለገጠመው ብቻ ነው። የሚነቀል ገመድ ቢሆን ኖሮ አዲስ ገዝቶ መሰካት ነበር።

ገመድ አልባውስ? አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. አይፎን 7 ላይ ጃኩን ካነሳ ወዲህ ገበያው ወደዚያው ሮጧል፤ ደግነቱ እዚህ የሚሸጡ ብዙ ርካሽ ስልኮች ጃካቸውን እንደያዙ ናቸው። ብሉቱዝን አልጠላም፤ ባጃጅ ውስጥ ገመድ ሳይጠላለፍ መስማት ደስ ይላል። ጭንቀቴ ባትሪው ነው። የሊቲየም ባትሪ ቻርጅ እንዲደረግ የሚመከረው እስከ 45 ዲግሪ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለ ዕቃ ይህን በቀላሉ ያልፋል፤ ሙቀት ደግሞ የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። ባትሪው ሲደክም በሙጫ የታሸገው ማዳመጫ አብሮት ይቀበራል። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪ በተጠቃሚው እጅ የሚለወጥ እንዲሆን ሕግ አውጥቷል። ያ ሕግ ለእኛ ባይወጣም ጥቅሙ እስከ ታይዋን ገበያ መደርደሪያ እንዲደርስ እመኛለሁ።

እስከዚያው መለዋወጫ የምናስገባበት መንገድ አለን። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው እዚሁ ድሬ ዳዋ ነው፤ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወስደው አዲሱ ባቡርም በደጇ ያልፋል። ጃክ፣ ገመድና የጆሮ ትራስ በብዛት አስገብቶ፣ የጨርቅ ትራሱን ደግሞ በከተማዋ ልብስ ሰፊዎች አሰፍቶ መሸጥ ትልቅ ፋብሪካ አይጠይቅም። ነጋዴዎቻችን ሙሉ ዕቃ ብቻ ሳይሆን መለዋወጫም ያስመጡ። ገዢም በበኩሉ ታይዋን ሲሄድ ሻጩ በሚያጫውተው በቤዝ የታጨቀ ዘፈን አይፍረድ። ስልኩ ላይ ቃሉን በቃሉ የሚያውቀውን አንድ የቆየ ዘፈን ይዞ ይሂድ፤ ቮሊዩሙን ዝቅ አድርጎ ግጥሙ ጥርት ብሎ ይሰማው እንደሆነ ያረጋግጥ። ገዢዋ ሻሽ የምታደርግ ከሆነች ሻሿን ሳታወልቅ ትሞክረው። ከዚያ ገመዱ ይነቀል፣ ትራሱ ይወልቅ እንደሆነ ይጠየቅ። ለሁለቱም መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ማለፍ ነው።