የሥራ ቦታ እንግሊዝኛና አደቡ



ለኢንተርንሺፕ ወጥተው የሚመለሱ ተማሪዎች «እንዴት ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ሥራው ከበደን አይሉም። የከበዳቸው ስለ ሥራው በእንግሊዝኛ መነጋገር ነው። ያልገባቸውን መጠየቅ፣ የዘገየውን ማሳወቅ፣ የማይችሉትን «አልችልም» ማለት ይከብዳቸዋል። አንዳንዱ ዝም ይላል፤ አለቃውም «ፍላጎት የለውም» ብሎ ይመዘግበዋል። ሌላው ደግሞ በአማርኛ ቢናገረው ጨዋ የሚያሰኘውን ነገር በእንግሊዝኛ ሲናገረው ሳያውቀው ባለጌ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ ለምን ይከብደናል? ምክንያቱ የምናውቀው እንግሊዝኛ የመጽሐፍና የምርጫ ጥያቄ እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። ትርጓሜ እንሸመድዳለን፣ ትክክለኛውን ፊደል እናከብባለን። ክፍል ውስጥ ሌክቸሩ ራሱ ግማሹ በአማርኛ ይብራራል። ዶርም ስንገባ እንደየአመጣጣችን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ወይም በስልጢኛ እናወራለን። ለብዙዎቻችን እንግሊዝኛ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋ ነው፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም። ግን በአራት ወይም በአምስት ዓመት ውስጥ አንድን ታላቅ ሰው በእንግሊዝኛ አንድ ነገር እንዲያደርግልን የጠየቅነው ስንት ጊዜ ነው? የጎደለን እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በአማርኛ አክብሮት የሚቀመጠው ግሡ ውስጥ ነው። ለጓደኛችን «ፋይሉን ላክልኝ» ወይም «ላኪልኝ» እንላለን፤ ለአለቃችን ደግሞ «ይላኩልኝ»። ቃሉ ያው ትእዛዝ ነው፤ ነገር ግን «ይላኩልኝ» በማለታችን ብቻ አክብሮቱ ደርሷል፣ ሌላ ምንም መጨመር አያስፈልግም። እንግሊዝኛ ግን «አንተ»ም «አንቺ»ም «እርስዎ»ም የለውም። ለጓደኛም ለሥራ አስኪያጅም «ዩ» ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ በልቡ «ይላኩልኝ» እያለ በአፉ «ሴንድ ሚ ዘ ፋይል» ሲል፣ በልቡ ያለው አክብሮት መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰሚው ጋ የሚደርሰው ባዶ ትእዛዝ ነው። «ፕሊዝ» ቢጨመርበት ትንሽ ይለሰልሳል እንጂ ትእዛዝነቱ አይቀርም።

እንግሊዝኛ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው በዐረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ ነው። ትእዛዙን ወደ ጥያቄ ይለውጠዋል፦ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፋይል?» ጥያቄ ሲሆን ሰውየው «አሁን አይመቸኝም» የማለት በር ይከፈትለታል፤ አክብሮቱ ያ የተከፈተ በር ነው። በሰዋስው ክፍል «ኩድ» የ«ካን» ያለፈ ጊዜ ነው ተብለን ስለተማርን እዚህ ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባን ይሆናል። እንግሊዝኛ ነገሩን ወደ ኋላ ሲያርቀው ጥያቄው ከሰውየው ፊት ትንሽ ፈቀቅ ይላል፣ አይጫነውም። «አይ ዎዝ ዎንደሪንግ ኢፍ ዩ ኩድ ሄልፕ ሚ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ትናንት ስላሰበው ነገር አያወራም፤ አሁን እየጠየቀ ነው፣ በእርጋታ። «አይ ዋንት» ከማለት «አይ ውድ ላይክ» የሚሻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። «አለብዎት» ለማለት «ዩ ማስት» ወይም «ዩ ሃቭ ቱ» ማለት ከጀማሪ ሠራተኛ አፍ ሲወጣ ይከብዳል፤ «ሜይቢ ዊ ኩድ» ብሎ መጀመር ይበቃል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ባለጌ ላለመባል ብለን የማመልከቻ ደብዳቤ ቋንቋ በኢሜይል ውስጥ እንጨምቃለን። ሦስት መስመር ሰላምታ፣ ሁለት መስመር ይቅርታ፣ ከዚያ መጨረሻው ላይ የተደበቀች አንዲት ጥያቄ። በቀን ብዙ ኢሜይል የሚያነብ ሰው እዚያ ድረስ አይደርስም። ርእሱ ላይ ጉዳዩን በአራት አምስት ቃል ጻፉ፣ ከአጭር ሰላምታ በኋላ ጥያቄውን አስቀምጡ፣ መቼ እንደምትፈልጉት ተናገሩ፣ አመስግናችሁ ጨርሱ። «ሃይ ዲር» ብሎ መጀመር ይቅር፤ ስም ሳይከተለው «ዲር» ብቻውን ለቤተ ዘመድ ወይም ለፍቅረኛ የሚባል ነው። «አስ ሱን አስ ፖሲብል» የሚለውንም ከበታች ወደ በላይ አትላኩት፤ በምትኩ ቀኑን ጠቅሳችሁ «ባይ ተርስዴይ፣ ኢፍ ፖሲብል» በሉ። ቀን መጥቀስ ማጣደፍ አይደለም፤ ሰውየው ጊዜውን እንዲያቅድ ያግዘዋል።

ከሰዋስው ይልቅ ብዙ ጣጣ የሚያመጡት ግን የለመድናቸው ትናንሽ ቃላት ናቸው። «እሺ»ን ውሰዱ። በአማርኛ «እሺ» ማለት «ሰማሁ» ሊሆን ይችላል፣ «ተስማማሁ» ሊሆን ይችላል፣ «አደርገዋለሁ»ም ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ «ይለፈኝና ልሂድ» ማለትም ነው። ይህንን ሁሉ «ኦኬ» ብለን ስንተረጉመው ሰሚው «አደርገዋለሁ» ብሎ ይወስደዋል፤ በቀኑም ይጠብቃል። ካልገባን «ኦኬ» አንበል። «ሶሪ፣ ኩድ ዩ ሴይ ዛት አጌን?» ማለት ነውር የለበትም። ከዚያ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት፦ «ሶ ዩ ዉድ ላይክ ሚ ቱ ቼክ ዘ ነምበርስ ፈርስት፣ ኢዝ ዛት ራይት?» ይህች አንዲት ልማድ የብዙ ቀን ሥራ ከመድገም ታድናለች።

«አዎ»ም የራሱ ችግር አለው። «ሪፖርቱን አልላክኸውም?» ሲባል እኛ «አዎ፣ አልላክሁትም» እንላለን፤ የጠያቂውን ንግግር ማጽደቃችን ነው። በእንግሊዝኛ «ዲድንት ዩ ሴንድ ኢት?» ለሚል ሰው «የስ» ካላችሁት «ልኬዋለሁ» ማለት ነው። ካልላካችሁት መልሱ «ኖ» ነው። ከጥርጣሬ ለመዳን «የስ»ም «ኖ»ም ብቻውን አትመልሱ፤ ሙሉውን «ኖ፣ አይ ሃቭንት ሴንት ኢት የት» በሉ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላትን «አዎ» ደግሞ የማያውቃት የውጭ ሰው ደነገጡ ወይም አመማቸው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ በስልክ ላይማ ጭራሽ አትሰማም። «ይቅርታ»ም እንዲሁ ለሁለት ነገር ታገለግለናለች። ሰው ልናናግር ስንል ወይም ለማለፍ ስንጠይቅ «ኤክስኪዩዝ ሚ» ነው፤ «ሶሪ» ለጥፋት ትቆይ።

«ኢንሻአላህ»ስ? መተው የለብንም። ነገር ግን በሥራ ቦታ ይህ ቃል የ«አላደርገውም» ጨዋ ስም ተደርጎ እንደሚወሰድ እናውቃለን፤ ይህን ስም ያተረፈለት ደግሞ አጠቃቀማችን ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሰዓቱን አስከትሉበት። «ኢንሻአላህ፣ አይ ዊል ሴንድ ኢት ባይ ፎር ኦክሎክ» ካላችሁ በኋላ በሰዓቱ ከላካችሁት፣ ከሁለት ከሦስት ጊዜ በኋላ ያ አለቃ ቃሉን ሲሰማ የሚያስታውሰው ሰዓት አክባሪነታችሁን ይሆናል። ካልደረሰላችሁ ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ ቀድማችሁ አሳውቁ። እኛ ዘንድ ታላቅን ላለማስከፋት መጥፎ ዜና ይዞ ዝም ማለት የተለመደ ነው፤ በሥራ ቦታ ግን ከመዘግየቱ ይልቅ ዝምታው ያስቀይማል። «አይም ረኒንግ ቢሃይንድ ኦን ዘ ሪፖርት። አይ ካን ሴንድ ኢት ባይ ቱሞሮው ኑን» ማለት ይበቃል። ረጅም ምክንያት አይጠበቅባችሁም፤ የሚፈለገው አዲሱ ሰዓት ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የእነሱ «ናይን» ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን በድንጋጤ ጊዜ አፋችን «ስሪ ኦክሎክ» ይላል። ቀጠሮ ስትይዙ «ናይን ኢን ዘ ሞርኒንግ» ብላችሁ የቀኑን ክፍል ጨምሩ። ሲቪ ላይም ተጠንቀቁ። ሰኔ 2017 ዓ.ም የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛ ሲቪው ላይ 2017 ብሎ ቢጽፍ፣ የውጭው አንባቢ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቆጥርና «እስካሁን ምን ሲሠራ ነበር?» ይላል። የሚጻፈው 2025 ነው።

አሁን ደግሞ በተለይ እኛን የሚመለከቱ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ጁሙዓ ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዓርብ ምሳ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሆነ ብዙ ችግር የለም። በግል ድርጅት፣ በፋብሪካና በውጭ ድርጅት ግን የምሳ ሰዓቱ ሊያጥር ይችላል፤ መጠየቅም ግድ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሥራው ጣራ ሲነካ፣ በሩ ላይ ቆመን እንጠይቃለን፤ ወይም ከነጭራሹ ሳንናገር ሹልክ እንላለን። ይልቅ በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ወይም ማክሰኞ ተናገሩ። ሰዓቱን በትክክል ንገሯቸው፣ የጎደለውን እንዴት እንደምታካክሱም አብራችሁ አቅርቡ፦ «አይ አቴንድ ፍራይዴይ ፕሬየር ፍሮም ትዌልቭ ሰርቲ ቱ ዋን ሰርቲ። ዉድ ኢት ቢ ኦልራይት ኢፍ አይ ሜድ አፕ ዘ ታይም አት ዚ ኤንድ ኦቭ ዘ ዴይ?» ስለ መብት መከራከር ቢያስፈልግ እንኳ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በክርክር የተጀመረ ጥያቄ ግን ወደ ትብብር ለመመለስ ይቸገራል።

ሁለተኛው መጨባበጥ ነው። ተቃራኒ ጾታ እጁን ወይም እጇን ሲዘረጋ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ሌላውን ያሳፍረዋል፣ ንቀትም ይመስላል። ቀኝ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፣ ፊታችሁ ፈገግ ይበል፣ «ናይስ ቱ ሚት ዩ» የሚለውን ቀድማችሁ በሉ፤ ከዚያ በቀስታ «ፕሊዝ ፎርጊቭ ሚ፣ አይ ዶንት ሼክ ሃንድስ ፎር ሪሊጂየስ ሪዝንስ» በሉ። ሰላምታው ከቀደመ ሰውየው ሰላምታውን ያገኛል፤ ያጣው እጁን ብቻ ነው። እህቶች ይህንን ከቃለ መጠይቅ በፊት ጮክ ብላችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት፤ በቦታው ላይ ዐረፍተ ነገር መፈለግ ያስጨንቃል። በረመዳን ለምሳ ስትጋበዙም ጥሪውን በ«ኖ» ብቻ አትዝጉት። «ታንክ ዩ፣ አይም ፋስቲንግ ቱዴይ፣ በት አይድ ላቭ ቱ ጆይን አናዘር ታይም» ስትሉ እንቢታው ስለ ምግቡ እንጂ ስለ ሰውየው እንዳልሆነ ይገባዋል።

አነጋገርን በተመለከተ አንድ ያልተነገረልን ሀብት አለን። ከላይ «ሰርቲ»፣ «ታንክ ዩ» እያልሁ የጻፍሁት በፊደላችን ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው፤ ድምፁ «ሰ»ም «ተ»ም አይደለም። ተጅዊድ የተማረ ሰው ግን ያውቀዋል። ዑስማን የሚለውን ስም በዐረብኛ በትክክል ስታነቡ የምላሳችሁ ጫፍ የላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ ላይ ያርፋል፤ የ«ታንክ ዩ» መነሻ ድምፅ እሱ ነው። አዛን በሚለው ቃል ውስጥ ያለው ዛል ደግሞ የ«ዚስ» እና የ«ዛት» ድምፅ ነው። ቁርኣን ስታነቡ በትክክል የምታወጡትን ድምፅ እንግሊዝኛ ሲሆን የምትተዉበት ምክንያት የለም።

የልምምዱም ዘዴ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሒፍዝ የጀመረ ሰው ነጠላ ቃላት አይሸመድድም፤ ሙሉውን ከኡስታዙ አፍ ይቀበላል፣ ይደግማል፣ ሙራጀዓ ያደርጋል። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ያዙት። የቃላት ዝርዝር ከማጥናት ይልቅ በሥራ ቦታ የሚያስፈልጉ ሠላሳ ያህል ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ምረጡ፦ የመጠየቂያ፣ የእንቢታ፣ የመዘግየት፣ ያልገባኝ፣ የምስጋና። በቀን ሦስት ያዙ፣ የትናንቶቹን ድገሙ፣ በስልካችሁ ቀድታችሁ አድምጡ። ወንድም ከወንድሙ፣ እህት ከእህቷ ጋር ሆኖ ከዒሻ በኋላ ሃያ ደቂቃ፣ አንዱ አለቃ ሌላው ሠራተኛ እየሆነ ይለማመድ። መሳሳቅ ግን ክልክል ይሁን። የጓደኛውን እንግሊዝኛ አዘውትሮ የሚያላግጥ ሰው ያንን ጓደኛውን ዝም ያሰኘዋል፤ ዝምታውም እስከ ቃለ መጠይቁ ክፍል ይከተለዋል።

ዛሬውኑ ለመጀመር ለሚፈልግ፣ ስልካችሁን ክፈቱና ለመጨረሻ ጊዜ ለአድቫይዘራችሁ በእንግሊዝኛ የላካችሁትን መልእክት ፈልጉ። ጥያቄያችሁ ስንተኛው መስመር ላይ ነው? የሚፈለግበት ቀን ተጽፏል? «ኩድ ዩ» አለው ወይስ «ሴንድ ሚ» ነው? እንደገና ጻፉትና አጠገባችሁ ላለው ወንድም ወይም እህት አሳዩት።