ፈጣን ብሉዝና የትንፋሽ ሒሳብ

ብሉዝ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን እንጉርጉሮው ነው። ይሁን እንጂ ብሉዝ መደነሻም ነው። በዝግታው ዘፈን ላይ ሃርሞኒካ አሳምሮ የሚጫወት ሰው ባንዱ ፍጥነቱን ሲጨምር ሶሎው ይበታተንበታል። ባንዱ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ለመሆኑ ችግሩ ምንድን ነው? አብዛኛው ጀማሪ ከንፈሩንና ምላሱን ይወቅሳል። እኔ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ከዚህች መሣሪያ ጋር ስታገል የተረዳሁት ግን ጉዳዩ የትንፋሽ መሆኑን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ባለ አሥር ቀዳዳዋ የብሉዝ ሃርሞኒካ በውስጧ ሃያ ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሏት። በየቀዳዳው አንዱ ስንነፋ፣ ሌላው አየር ስንስብ ይርገበገባል። ዋሽንት ነፊ አየር ሲስብ ዋሽንቱ ዝም ይላል፤ ሃርሞኒካ ግን ስንስብም ትናገራለች።

የብሉዝ ተጫዋቾች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሲ የተቃኘችውን ሃርሞኒካ በጂ ይጫወቱባታል። ከ2ኛው እስከ 5ኛው ያሉት ቀዳዳዎች ሲሳቡ ጂ፣ ቢ፣ ዲና ኤፍ ስለሚሰጡ የብሉዝ ጠባይ ያለው ኮርድ ይገኛል። ከ1ኛው እስከ 6ኛው ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ኖታ ታጥፎ ዝቅ የሚለውም በመሳብ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ከሚያስወጣው ይልቅ የሚያስገባው አየር ይበዛና ደረቱ ይሞላል።

በዝግታ ይህ አያስቸግርም። በደቂቃ 80 ምት በሚሄድ ዘፈን የአንድ ምት ዕረፍት ሦስት አራተኛ ሴኮንድ ይሰጣል፤ በዚያ መሀል ይተነፈሳል። በ160 ግን ያው ዕረፍት በግማሽ ያጥራል። የተለመደው 12 ባር፣ ማለትም 48 ምት፣ ከ36 ሴኮንድ ወደ 18 ይወርዳል። ደረቱ የሞላ ሰው በኃይል መሳብ ሲጀምር ድምፁ ይታነቃል፤ የመሣሪያዋም ምላስ ቶሎ ይደክማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው።

መፍትሔው ከሙዚቃው ውስጥ ይገኛል። በ12ቱ ባር ውስጥ 5ኛውና 6ኛው ላይ ኮርዱ ወደ ሲ ይዞራል። በሲ ሃርሞኒካ ሲነፉ የሚወጡት ኖታዎች ሁሉ የዚህ ኮርድ ናቸው። እንግዲህ አየር ማስወጫው በር እዚያ ነው፤ 10ኛውም ባር ላይ ዳግመኛ ይከፈታል። በተጨማሪም 3ኛው ቀዳዳ ሲነፋና 2ኛው ሲሳብ የሚሰጡት አንድ ዓይነት ጂ ነው። ደረት ሲሞላ በመንፋት፣ ሲጎድል በመሳብ መጠቀም ይቻላል።

ለልምምድ ከዜማ በፊት ትንፋሹን ማስለመድ ይበጃል። በ1911 የተወለደው ማየት የተሳነው ሶኒ ቴሪ የባቡር ጉዞን በሃርሞኒካ በማስመሰል ይታወቅ ነበር። ሁለት ጊዜ መሳብ፣ ሁለት ጊዜ መንፋት፤ በሜትሮኖም ከ80 ጀምሮ። ፍጥነቱ 160 ሲደርስ እግራችን እያንዳንዱን ምት ይምታ ካልን ሰውነታችን ይወጠራል። በየሁለት ምቱ አንድ ጊዜ ብንመታ ዘፈኑ በ80 የሚሄድ ያህል ይረጋልናል።

ሌላው የኖታ ቁጥር ነው። ሊትል ዋልተር በ1952 የቀዳው «ጁክ» በቢልቦርድ የአር ኤንድ ቢ ሰንጠረዥ ላይ 8 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። የሚከፈተው በአጭር ሐረግ ነው፤ ያንኑ ሐረግ ይደጋግመዋል። ሐረጉ አጭር በመሆኑ መተንፈሻ ይተርፈዋል። በችሎትም ቢሆን አጭር ጊዜ የተሰጠው ጠበቃ የሚረታው ነጥቡን መርጦ እንጂ ተንጣጥቶ አይደለም። በዝግታው ዘፈን አሥር ኖታ የነበረውን ሐረግ በፈጣኑ ወደ አምስት ማውረድ፣ ከዚያም ሁለት ምት ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝምታውን ባንዱ ይሞላዋል።

መቼ ፍጥነት እንጨምር? የእኔ መለኪያ ቀላል ናት። 12ቱን ባር ጨርሼ ሃርሞኒካዋን ከአፌ እንዳነሣሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳላለከልክ መናገር ከቻልኩ ሜትሮኖሙን በአምስት ምት ከፍ አደርጋለሁ። ካለከለክሁ ደግሞ በአምስት ዝቅ አድርጌ እንደገና እጀምራለሁ።