ውሃ ተሸካሚው አምበል ይሁን!

ኤሪክ ካንቶና እ.ኤ.አ. በ1996 የአገሩን ልጅ ዲዲየር ዴሻምፕን «ውሃ ተሸካሚ» ብሎ የጠራው ሊያደንቀው ፈልጎ አልነበረም። ሮጦ ኳስ ይቀማል፣ ቀምቶ ለባለ ተሰጥኦዎቹ ያቀብላል፣ ከዚያ ወዲያ የለም ማለቱ ነበር። ሁለት ዓመት አልፎ 1998 ሲመጣ ያ «ውሃ ተሸካሚ» የፈረንሳይ አምበል ሆኖ የዓለም ዋንጫን አነሳ። በ2018 ደግሞ በአሰልጣኝነት ደገመው። ካንቶና ግን በዓለም ዋንጫ መድረክ አንድም ጨዋታ ሳያደርግ ጫማውን ሰቅሏል።

የዛሬው ወሬያችን ዴሻምፕ አይደለም። «ውሃ ተሸካሚ» የሚለው ቃል ስድብ መሆኑ ቀርቶ ሹመት የሚሆንበት ሌላ ስፖርት አለ፤ ድንጋይ መውጣት። ይህን ለመማር ደግሞ ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ድሬ ለኳስ አፍቃሪ እንግዳ አይደለችም። በ1968 ዓ.ም. አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ዛየርና ሱዳን የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ነው። ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ መንገዷን የጀመረችው ከድሬ ሙቀት ነበር ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ሲካሄዱም ድሬ አንዷ አስተናጋጅ ነበረች። ክለቡን ተከትሎ የወረደ ደጋፊ ከዚራ ጥላ ሥር አረፍ ብሎ፣ ቀፊራ ገበያ ዞር ዞር ብሎ ሲያበቃ ዓይኑ ወደ ደቡቡ ተራራ መሄዱ አይቀርም። «እዚያ ላይ ብንወጣስ?» የሚል አንድ ጓደኛ ደግሞ ከየትም አይጠፋም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኳስ ሰው ውሃ ከቤንች እንደሚመጣለት ለምዷል። በ2014ቱ የብራዚል የዓለም ዋንጫ ሙቀት፣ እርጥበትና የፀሐይ ጨረር ተደምረው የሚለኩበት መለኪያ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ዳኛው ጨዋታ እንዲያቆም ተፈቅዶ ነበር። ዛሬ በጨዋታው ሕግ ውስጥ እስከ 1 ደቂቃ የሚደርስ የመጠጫ፣ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርስ ደግሞ የማቀዝቀዣ እረፍት ሰፍሯል። ፊፋ በ2025 ለቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫ ባወጣው ውሳኔ ደግሞ አየሩ ሞቀም ቀዘቀዘ በየአጋማሹ የ3 ደቂቃ የውሃ እረፍት እንዲኖር አድርጓል። ገደል ላይ ግን ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ የለም። ወጌሻም ጠርሙስ ይዞ አይሮጥላችሁም።

40 ኪሎ ድንጋይ የተሸከሙት

ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው፤ ጃርት ማለት ነው። ዋሻው ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ 140 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገደሉ ላይ ተቀምጧል። አንድ የኳስ ሜዳ ርዝመቱ 105 ሜትር ነው፤ እሱን አቁማችሁ ሲሶውን ጨምሩበት።

ከዚህ ዋሻ በቁፋሮ የወጣውን ቀይና ቢጫ ቀለም የሚሰጥ ድንጋይ የመረመረ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከ4,000 በላይ ቁራጭ ቆጥሯል። ሲመዘን 40 ኪሎ ያህል ነው፤ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። በብዙ ትውልድ ጥቂት በጥቂት ተሸክመው ያወጡት ነው። እነዚያ ሰዎች ውሃቸውንም በአንድ ነገር ይዘው መውጣት ነበረባቸው፤ ውሃ በራሱ ሽቅብ አይወጣማ!

ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው፤ የድሬ ሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመበት፣ ኢትዮ ሲሚንቶ የተባለውን የጥንቱን ክለብ የወለደ ድንጋይ። የኖራ ድንጋይ ዝናብን በስንጥቁ አሳልፎ ወደ ታች ያሰርገዋል። ስለዚህ ከተማው ሳቢያን ላይ ከጉድጓድ ውሃ ሲያወጣ፣ ላይኛው ገደል ጠብታ የለውም። ደቻቱም አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። በክረምት ግን አትመኑት፤ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ደመና ካያችሁ አሸዋው ላይ እረፍት የለም።

የመልስ ጨዋታ አለ

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ላብ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ያፈሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1.4 ሊትር ሳይተካ ከጎደለው የክብደቱን 2 በመቶ አጣ ማለት ነው፤ ጉልበቱም ሐሳቡም መውረድ የሚጀምረው እዚያ አካባቢ ነው። በሌላ በኩል 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። አራት ሊትር የያዘ ሰው አራት ኪሎ ተሸክሞ ይወጣል። ብዙ ቢይዝ ሸክሙ ያደክመዋል፤ ትንሽ ቢይዝ ጥሙ ይጥለዋል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ሳይሆን በአከፋፈሉ ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ድል አደረግሁ ብሎ የቀረችውን ይጨልጣታል። ወገን፣ ገና የመጀመሪያው ጨዋታ ነው ያለቀው! መውረዱ የመልስ ጨዋታ ነው። ፀሐዩ የበረታው፣ ጉልበቱ የዛለው፣ እግር የሚንሸራተተው በመልሱ ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ግማሹ ውሃ ለመልስ ጨዋታ። ግማሹ ሲያልቅ የትም ሁኑ የት፣ ዋሻው ሃያ እርምጃ ቢቀረውም፣ ዙሩ።

አያያዙም ዘዴ አለው። ሃይላንዱን በእጅ ይዞ ድንጋይ መጨበጥ ኳስ አቅፎ ሪጎሬ እንደመምታት ነው። በጀርባ ቦርሳ፣ ከወገብ ጋር ተጣብቆ፣ ሳይወዛወዝ ይቀመጥ። ቀበቶ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ ገመዱ የሚታሰረው አንገቱ ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳኑ ከተፈታ ጠርሙሱ ከታች ላለው ሰው ድንጋይ ነው። ባለሙያዎቹ በገመድ ሲወጡ ፊት የሚቀድመው ቀለል ብሎ ይሄዳል፤ ውሃውን ተከታዩ ይሸከማል። ረጅም ገደል ከሆነም ዕቃውን በገመድ ይስቡታል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ደብረ ዳሞ ላይ ሰውም ስንቁም በገመድ ነው የሚወጣው። እዚያ ያሉ አባቶች ደግሞ አምባው ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አላቸው።

ከመነሳታችሁ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድማችሁ ግማሽ ሊትር ጠጡ። ማልዳችሁ ውጡ፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ እኩለ ቀን ላይ ገደል ላይ አትገኙ። የጫት ፕሮግራም ካለ ከወረዳችሁ በኋላ ይሁን። ውሃ ብቻ ያለ ልክ ማንቆርቆርም ጉዳት አለው፤ የደም ጨው ይቀጥናል። ረዘም ላለ ጉዞ ጨው ያለው ምግብ ወይም ከፋርማሲ የሚገዛውን ኦአርኤስ ያዙ። ጓደኛችሁ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ነገር ከተምታታበት ቀልድ የለም። ጥላ ሥር አድርጉት፣ ልብሱን አርጥቡለት፣ አናፍሱት፣ ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን ያልሳተ ከሆነ ብቻ በትንሽ በትንሹ አጠጡት።

ቡድን ስትመርጡም ቀልጣፋውን ወይም ፎቶ አንሺውን መሪ አታድርጉ። ውሃውን የያዘው ሰው ስንት እንደቀረ ያውቃል፤ «በቃ፣ እንመለስ» የማለት ሥልጣንም የእሱ ይሁን። ክንዱ ላይ የአምበልነት ጨርቁን እሰሩለት። ካንቶና ቢስቅም ይሳቅ።